የዘበኛው የዛፍ ሽበት

ነቀምት ዳር ባለው የጣውላ መሰንጠቂያ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አሉ። በዛብሽ ከመንገዱ ማዶ በስፌት መኪናዋ ላይ እንዳጎነበሰች ታያቸዋለች። ከጣልያን የቀረ የሚመስለው ካፖርታቸው ቁልፎቹ ሁሉ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን የተከለችላቸው እሷው ናት።

ግንድ የጫነ መኪና በገባ ቁጥር ሽማግሌው መጋዙ ሳይቀድማቸው ይሮጣሉ። ግንዱን ያለበሰውን ለስላሳ አረንጓዴ የዛፍ ሽበት በጣቶቻቸው ይልጡና በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው አጥሩ ጥግ ካለው ዋርካ ጋር በልጥ ያስሩታል። ከዚያ የሕፃን ራስ እንደሚያጥብ ሰው በቀስታ ውሃ ያርከፈክፉበታል። ሠራተኞቹ ይስቁባቸዋል። በዛብሽ ግን እንዲህ የሚራራ እጅ አይታ አታውቅም።

«ኦቦ፣ ለሽበት ይሄን ያህል?» አለቻቸው አንድ ቀን።

«ኢንታላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ድሮ ጫካችን ውስጥ ጥንቸል በእግራችን መሀል ታልፍ ነበር። ሥጋዋን የሚበላ ሰው የለም፤ ግን ጠፋች። የተበላው ጫካዋ ነው። ቢሆንም እሷ እግር አላት፤ ሮጣ እስከ ቢላ አገር ደርሳ እንደሆነ ማን ያውቃል? ይሄ ግን ከነቤቱ ነው የሚጫነው።»

«እርስዎስ ከሁለቱ የትኛው ነዎት?» አለች እየሳቀች።

ሽማግሌው ጣሳቸውን ሞሉ።

«መሬታችንን ጌቶች ሲወስዱት እኔ ሮጥኩ። እናቴ ግን ከደጄ አልነሣም አለች።»

ጎንበስ ብለው ማርከፍከፋቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ መኪናው ጡሩምባውን ሲነፋ፣ ጆንያውን አርጥባ በሩ ላይ የጠበቀቻቸው በዛብሽ ናት።