ምሥር ብዪ

አባቴ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ንቦቹ ምን አሉ?»

ልደታ፣ ከጓሯችን፣ አንዲት ቀፎ ነበረችን። ክዳኗን ከፍቼ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። አበባ ያገኘች ንብ ስትመለስ ሰሙ ላይ ወገቧን እያወዛወዘች ትጨፍራለች፤ ሌሎቹ ከበዋት ያሸቷታል። ከጭፈራዋ አቅጣጫውን፣ ከገላዋ ሽታውን ይዘው ይወጣሉ። «አንዷ እየጨፈረች ነው» ስላቸው አባቴ «የምሥራች ማለቷ ነው» ይሉና፣ ልጅ እንደተወለደላቸው ሁሉ «ምሥር ብዪ» ብለው ይመልሱላታል። ከዚያ ቁርሳቸውን ይበላሉ።

ዘንድሮ የጎረቤቶቻችን ቤት ፈረሰ። የአጥሩ ግራዋም ሊያብብ ሲል አብሮ ሄደ። ንቦቹ ባዷቸውን ይመለሱ ጀመር። የሚጨፍር ጠፋ። አባቴም «ዛሬም ዝም አሉ?» እያሉ ምግቡን በእጃቸው ገፋ ያደርጉታል።

እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ስኳር በጠበጥኩ። ሽታው እንዲስባቸው ደግሞ ልደታ ማርያም አጠገብ ካለው ጭማቂ ቤት የማንጎ ልጣጭ ለምኜ ጨመርኩበት።

አባቴ ወዲያው ሸተታቸው። «ማንጎ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ታዲያ ሽታውን ከለመዱ በኋላ የት ሄደው ሊፈልጉት ነው፣ ልጄ?»

ተናደድኩ። ወላጁን የሚጦር ሰው ሁልጊዜ ትንሽ ንዴት አያጣውም። ብጥብጡን ቀፎዋ አጠገብ አኖርኩት።

ንቦቹ ጨፈሩ። አባቴም «ምሥር ብዪ» አሉ፣ በሉም። ሦስት ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በአራተኛው ቀን በጭማቂ ቤቱ በኩል ሳልፍ ባለቤቷ የሞቱ ንቦች በመጥረጊያ ትሰበስባለች። «ደንበኛ አባረሩብኝ፣ እህቴ» አለችኝ። «የዝንብ መድኃኒት ብነፋባቸውም እየጨመሩ ይመጣሉ።» መጨመራቸው አይገርምም። በሕይወት የተመለሰችው ሁሉ ቤት ገብታ የምሥራች ትላለች፤ የሰሙትም ተከትለው ይወጣሉ። እነሱ የነገሩት እውነት ነበር። ያንን ሽታ ምግብ ነው ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። የንቦቹ ባለቤት ነኝ ለማለት እንኳ አፌ አልተፈታም።

እሑድ ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ሰሙ ላይ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። አባቴ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው መጡ፤ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ቀፎዋ ላይ አደረጉ።

«ዛሬስ ምን አሉ?»

«የምሥራች፣ አባባ» አልኳቸው።

ጆሯቸውን ሳያነሱ ብዙ ቆዩ። ምሥር ብዪ አላሉኝም።