አጎቴ የመረጠው ሪሞት

ይህ የሆነው ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ የባቡሩ መንገድ እየተሠራ ከሲ.ኤም.ሲ መገናኛ አቧራ ለብሰን በምንደርስበት ጊዜ ነው። ያልረሳሁት አጎቴ እንድረሳው ስላልፈቀደልኝ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት የጸሎት ኅብረት ነበር። እኛ መዘምራኑ የቀረጽነው ዲቪዲ ሊታይ ነው፤ ሁለተኛውን መዝሙር ብቻዬን የምዘምረው እኔ ነኝ። ጠዋት ስንሞክረው ድምፁን የሚያወጣው ሆም ቴአትር ለሪሞቱ አልታዘዝ አለ። ቴሌቪዥኑ ላይ አፌ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፄ የለም።

አጎቴ አንድ ጊዜ የጎረቤት ዲሽ ስላስተካከለ ሰፈሩ «ቴክኒሻኑ» ይለዋል። እሱም አምኗል። ሪሞቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣ ባትሪዎቹን ፀሐይ ላይ አሰጣ፣ ከዚያ «ይሄ ሞቷል። ለሁሉም ዕቃ የሚሠራ ሪሞት ነው የሚያስፈልገው» ብሎ ፈረደ።

መገናኛ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባን። ሻጩ አንድ ትንሽዬ ሪሞት አውጥቶ «ለቤት ይበቃችኋል» አለን።

«ይሄማ የልጅ መጫወቻ ነው» አለ አጎቴ። የሁሉንም ቁልፍ ቆጥሮ ክንድ የሚያህለውን አነሳ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ቁልፍ ምን ይሠራል?» አልኩት።

«አንቺ መዝሙርሽን ዘምሪ፣ ቴክኖሎጂውን ለእኛ ተዪልን።»

ሻጩ እየሳቀ የሆም ቴአትራችንን ኮድ ሞላለት።

እንግዶቹ ተሰብስበው ዲቪዲው ተጀመረ። አጎቴ ከነላስቲኩ የያዘውን ሪሞት እንደ ሽጉጥ ደግኖ መሀል ቆመ። ቴሌቪዥኑን አጠፋው፣ መልሶ አበራው። ሆም ቴአትሩ ግን ጭጭ። የእኔ ተራ ደረሰ።

«ድምፅሽ ተዘግቶ ነበር እንዴ የኔ ልጅ?» አሉኝ አንዲት እናት።

ላለቅስ ስል ዓይኔ ሆም ቴአትሩ ላይ አረፈ። እናቴ ለእንግዶቹ ብላ በማለዳ አዲስ ዳንቴል አልብሳዋለች። ጫፉ ወደ ፊት ወርዶ የሪሞቱን ምልክት የምትቀበለውን ትንሽዬ መስታወት ሸፍኗታል። ሄጄ ጫፉን ገለጥ አደረግኩ። አጎቴ ያኔም ቁልፉን ሲጫን ነበርና ድምፄ መስኮቱን አንቀጠቀጠው።

«አላልኳችሁም?» አለ ሪሞቱን ወደ ላይ አንስቶ። ለእሱ ተጨበጨበለት። የእኔ መዝሙር አንድ አሜን እንኳ ሳያገኝ አለቀ።

እንግዶቹ ሲሄዱ «ሞቷል» የተባለውን ሪሞት ሞከርኩት። አንዴ ጫን ሳደርገው ሠራ። እናቴ አየችኝ፤ ዳንቴሉን ቀስ ብላ አጠፈችና «ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ።

አጎቴ ዛሬም በመጣ ቁጥር ያሳደገው ልጅ ይመስል «ሪሞቴ እንዴት ነው?» ይላል። መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከነላስቲኩ።

«ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል» እለዋለሁ። ያኔ አናዶኝ ነበር፤ አሁን ያስቀኛል። ይህንንም ያለ ስጋት የጻፍኩት አጎቴ ቁልፍ ይቆጥራል እንጂ እንደማያነብ ስለማውቅ ነው።