የበርሜሉ ኩላሊት

የአባቴን ቦርጭ ሰው ሁሉ እንደ ሹመት ነበር የሚያየው። "ተመችቶሃል!" ሲሉት ቀበቶውን ሳብ አድርጎ "ምን ይደረግ!" ይላል። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እኔ ልጁ ደግሞ እዚያው መናኸሪያ ትኬት እቆርጣለሁ። ባልደረቦቹ "በርሜሉ" ይሉታል። ሆዱ መሪውን ሲነካ ወንበሩን ወደ ኋላ ይገፋል እንጂ ሆዱን ላጥፋ አይልም። ለሽንት ላለመቆም ብሎ ውሃ በዞረበት አይዞርም፤ በዚህም ይኩራራ ነበር።

አንድ ሰሞን ግራ ጎኑን ይወጋው ጀመር። ሹፌር ጎኑን ሲያመው መጀመሪያ የሚከሰሰው ወንበር ነው። ሜካኒኩን ጠርቶ ስፖንጁን አስቀየረ። አልሻል ሲለው ሞላውን አስቀየረ። ወንበሩ አዲስ ሆነ፣ ሕመሙ ግን ባሰበት። ሜካኒኩ "ጋሼ፣ ከእንግዲህ ያልቀየርኩት እርስዎን ብቻ ነው" ሲለው ሳቅን።

ሳቃችን ብዙ አልቆየም። እናቴ መጸዳጃ ቤት ገብታ ደም አየች።

"ሽንትህ ደም ሆኖ ዝም አልክ?"

"ይሄ ምኑ ይወራል?" አላት፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ እንደ ልጅ አቀርቅሮ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እናቴ ግን ተረት ለመተረት ጊዜ አልነበራትም፤ የአውቶቡሱን ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ "ቁልፉን ሆስፒታል በር ላይ ትቀበለኛለህ" አለችው።

ሆስፒታል ከተመረመረ በኋላ ሐኪሟ የኩላሊቱን ምስል አሳየችን። ከግራ ኩላሊቱ ደም በሚያወጣው የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቷል።

"አባባ፣ ምክንያቱ አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል። ውፍረት ግን ደም እንዲረጋ መንገድ ይጠርጋል። ሳይነሱ መቀመጡና ውሃ አለመጠጣቱ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ይሄ ተነስቶ ሳንባ ውስጥ ቢገባ ሊገድልዎት ይችላል።"

"መንዳትስ?"

"አሁን የለም። ወደፊት የሚወሰነው በሕክምናው ነው፤ በእርስዎም ጭምር።"

አባቴ ሲያለቅስ ያኔ አየሁት።

ተኝቶ ታከመ፣ ደም ማቅጠኛ መድኃኒቱንም ሳያዛንፍ ወሰደ። እንዲራመድ ሲፈቀድለት ጠዋት ጠዋት በመናኸሪያው አጥር ዙሪያ ይሄድ ጀመር። ባልደረቦቹ ጡሩምባ እየነፉ "በርሜሉ፣ ተሳፈር እንጂ!" ይሉታል። "እናንተ ቅደሙ፣ እደርስባችኋለሁ!" ይላል፣ ላቡን በመዳፉ እየጠረገ። ሱሪው ሰፋው። እናቴ እያጉረመረመች በመርፌ ታሳንስለታለች፤ ደስታዋን ግን ፊቷ ላይ መደበቅ አልቻለችም። ወራት አለፉ። በመጨረሻ ሐኪሟ "የደም ሥሩ ተከፍቷል፤ በየመሀሉ እየወረዱ፣ ውሃም እየጠጡ ይንዱ" አለችው።

ሥራ በገባበት ቀን የሹፌሮች ማረፊያ በሰው ሞልቶ ነበር። እኔም ለአባቴ ውሃ ይዤለት ገብቻለሁ። በሩ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ ጠየቀ፦

"ወንድሞቼ፣ ጎኑን የሚወጋው፣ ሽንቱ የቀላበት ሰው አለ?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቴ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና "የእኔ ቀልቶብኝ ነበር። ደብቄ ልሞት ነበር" አላቸው።

ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሹፌር አልሳቀም ነበር። ጫማውን እያየ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ "ከመቼ ጀምሮ ነበር አንተን?" አለው።

አባቴ ክንዱን ይዞ አስነሳውና ወደ ስምሪት ክፍሉ ዞሮ ተጣራ፦ "የሁለታችንን የዛሬ ጉዞ ለሌላ ሰው ስጡት! እኛ ሆስፒታል ነን!"