ፌስታሉ ውስጥ ያልገባው

ከፍያለች ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ሁለት ፓኮ ክኒን፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ከርከዴ የሚባል ቀይ የሻይ አበባ፣ የራስ ምታት ቅባትና የደረቀ ግማሽ ሎሚ ወጣ።

"ሎሚውም መድኃኒት ነው?" አለች።

"እሱ ሳላየው የገባ ነው" አለች ተዋበች። "የማያይ ሰው ፌስታል እንዲህ ነው።"

ተዋበች ዛማሌክ የሚባል ሰፈር ውስጥ ባለቤታቸው ለሞቱባቸው ግብፃዊት ወይዘሮ ምግብ ትሠራለች። ቀኝ ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል፤ ግራውም ጀምሮታል። ሐኪም ቤቱ ሞራውን ለመግፈፍ ሁለት ጊዜ ቀጥሮ ሁለቱንም ጊዜ መልሷታል። የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ነው። ሦስተኛው ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ነው። በዚህ መሀል አንድ ቀን ምግብ ላይ ጨው ሁለቴ ጨመረች።  አሠሪዋ ማዳም ሱሄር ከዚያ ወዲህ ከመብላታቸው በፊት በማንኪያ ጫፍ ይቀምሳሉ። ተዋበች ባታይም ይህን አይታለች። ሦስተኛው ቀጠሮ ከከሸፈ ወጥ ቤቱን ለሌላ እንደምታስረክብ ገብቷታል።

"ግፊት የሚያወርድ ስጪኝ" አለች። "ጠንከር ያለውን።"

"ክኒኑን ትውጫለሽ?"

"ጠዋት ማታ። ከጸሎቴ ጋር።"

"ከዚህ ሌላ የምትወስጂው አለ?"

"ያለው ይኸው ፊትሽ ነው። አንቺ ሴትዮ ነጋዴ ነሽ ጉምሩክ?"

ከፍያለች ሐዳይቅ አል-መዓዲ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር ትሸጣለች። ሱቅ የላትም። የሳሎኗ አንዱ ግድግዳ መደርደሪያ ነው። ድሮ ናስር ሲቲ ሰው ቤት ልጅ ታሳድግ ነበር፤ ጉልበቷ ደረጃ እምቢ ሲላት ተወችው። ይህ ሕንፃ ሊፍት አለው፤ ብዙውን ጊዜም ይሠራል።

ዳማከሴና ጤና አዳም ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ይደርሳታል። ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽና ዝንጅብል ከሰፈሩ አጣር ትገዛለች፤ ግብፆች የቅመምና የቅጠል ነጋዴውን እንዲህ ነው የሚሉት። አጣሩ አገዛዟን ስለለመደው አይከራከራትም። የተፈጨ ነገር አትነካም፤ ዱቄት ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው የፈጨው ሰው ብቻ ነው ትላለች። ቅጠሉን በጣቷ አድቅቃ ታሸታለች፤ ካልሸተተ ትመልሳለች። ሁሉን በሽታ ያድናል የተባለ ዕቃ ቤቷ አይገባም። ለእርጉዝ ሴት ከሐኪሟ ሳትነጋገር ምንም አትሸጥም።

የፌስታሉ ነገር የመጣው በራሔል ነው። ራሔል ድካም ድካም አለኝ ብላ ዝንጅብል ልትገዛ የመጣች ወጣት ነበረች። በስልክ አዝዛ የገዛችውን የማቅጠኛ ዱቄት እንደምትወስድ የታወቀው ልቧ አስቸግሯት ሆስፒታል ከተኛች በኋላ ነው። ድናለች። ከዚያ ወዲህ ግን ማንም ደንበኛ ቤቱ ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዞ ካልመጣ ከፍያለች አትሸጥም። ጉምሩክ የሚለው ስም የወጣላት ያኔ ነው።

አሁን ክኒኑን አገላብጣ አየች፤ ቀኑ አላለፈም። መልሳ ፌስታሉ ውስጥ አስገባችው።

"አልሸጥልሽም" አለች።

"ለእኔ?"

"ላንቺ።"

"የመጀመሪያ ደንበኛሽን ማን አመጣልሽ? እኔ አይደለሁም?"

"አንቺ ነሽ። እግዜር ይስጥልኝ። አሁንም አልሸጥልሽም። አንድም ምንም አይሠራልሽም። አንድም ከክኒኑ ጋር ተደርቦ ግፊትሽን ቁልቁል ያወርደውና ምድጃው አጠገብ ትወድቂያለሽ። ክኒኑ ለምን እምቢ እንዳለ ሳይታወቅ ሌላ አይደረብም።"

"እንግዲያው ዓተባ ገበያ ሄጄ እገዛለሁ።"

"ሂጂ። እዚያ ጉምሩክ የለም።"

ተዋበች ተነሳችና ነጠላዋን ፈለገች። ወንበሩ ላይ ነበር፤ አላየችውም። ከፍያለች አንስታ ሰጠቻት፤ የራሷንም ደረበች።

"ወዴት ነው?" አለች ተዋበች።

"ፋርማሲ። ዶክቶራዋ ትለካሽ።"

"እኔ እኮ ተቆጥቼ ነው የምወጣው።"

"አብረን እንቆጣለን።"

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበር። ሁለቱ ሴቶች ከሕንፃው ሲወጡ ማፍጠሪያው ደርሶ መንገዱ ጭር ብሏል። ጥግ ላይ ሁለት ሰዎች ለአላፊ አግዳሚው ቴምርና መጠጥ ያድላሉ። አንደኛው ለሁለቱም የፕላስቲክ ብርጭቆ አስያዛቸው። መጠጡ ጥቁር ነው፤ አረፋ አለው። ከፍያለች አንድ ጊዜ ተጎንጭታ ፊቷን አጨማደደች። ጣፋጭ ነው፤ ወዲያው ደግሞ ይመራል። ተዋበች የራሷን በአንድ ትንፋሽ ጨርሳ የከፍያለችንም ወሰደች።

"የእኛ ቤቱ ይበልጣል" አለች አፏን እየጠረገች። "እነዚህ ውኃ አብዝተውበታል።"

"ይሄን ነገር ትጠጫለሽ?"

"ኢርቅሱስ አታውቂም? በየማታው ነው የምጠጣው። አንድ ጆግ። ሥሩን እኔው ነኝ የምዘፈዝፈው፤ ማዳም አንድ ብርጭቆ ይጠጣሉ፣ የቀረው የእኔ ነው። ለጨጓራ የሚሆነው የለም። ደግሞ የጾም ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ጨጓራዬ ሲነሳ፣ ከጥምቀት በፊት። የበረኛው ሚስት ነገረችኝ፤ ሥሩን ካንቺው አጣር ገዛሁ። ሳይፈጭ፤ አሽትቼ።"

ከፍያለች መንገዱ መሀል ቆመች።

"ፌስታሉ ውስጥ የታለ?"

"መጠጥ እኮ ነው! ለስላሳም፣ ውኃም ይዤ ልምጣልሽ?"

የፋርማሲው ባለቤት ዶክቶራ ማሪያን ክርስቲያን ስለሆነች በማፍጠሪያ ሰዓት አትዘጋም። ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ኮሸሪ፣ የሩዝና የምስር የጾም ምግብ፣ እየበላች አገኟት። እሷም ጾመኛ ናት። ማንኪያውን አስቀምጣ የተዋበችን ክንድ አሰረች፤ ለካች፤ ትንሽ ቆይታ ደግማ ለካች። ቁጥሩ አላማራትም።

ከፍያለች ስለ ኢርቅሱሱ ነገረቻት። ብትጠረጥርም እርግጠኛ አልነበረችም። ያንኑ ጣፋጭ ሥር፣ ፈረንጆች ሊኮሪስ የሚሉትን፣ መጠጡን ባትለምደውም ለሳል ብላ ራሷም መደርደሪያ ላይ አስቀምጣዋለች።

"በየቀኑ?" አለች ዶክቶራዋ።

"በየቀኑ" አለች ተዋበች።

"ስንት ብርጭቆ?"

"ያዕኒ... እንግዲህ፣ ጆግ።"

"ያ ጣንት!" አለች ማሪያን። በዕድሜ የምትበልጣትን ሴት ሁሉ ጣንት ነው የምትላት፤ እትዬ እንደማለት ነው። "ኢርቅሱስ ግፊት ያስነሳል። አንቺ ጠዋት በክኒን ታወርጂዋለሽ፣ ማታ በጆግ ትሰቅይዋለሽ። ለሐኪሙ ነግረሽዋል?"

"ሌላ መድኃኒት ትወስጂያለሽ ወይ ነው ያለኝ። አልወስድም አልኩት። እኔ አልዋሽም።"

"ማሌሽ፣ ግድ የለም። ከዛሬ ጀምሮ ኸላስ፣ አበቃ። ክኒኑን ግን እንዳታቋርጪ። ነገ ክሊኒክ ሄደሽ ይህንኑ ንገሪያቸው፤ ደምሽን ይመርምሩ። በአንድ ቀን አይወርድም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። ጨጓራሽንም እዚያው አሳዪ።"

ተዋበች ቀና አለች። "ቀጠሮዬ ከፋሲካ በኋላ ነው። ይደርሳል?"

"ዛሬ ካቆምሽ ሊደርስ ይችላል።"

ከፋርማሲው ሲወጡ የመጠጥ አዳዮቹ ገና አልሄዱም። አንደኛው ተዋበችን አስታውሶ ብርጭቆ ዘረጋላት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነችና ቴምር ብቻ ወሰደች።

"ሁለት ውሰጂ" አለች ከፍያለች። "አንዱ የእኔ ነው።"

"አንቺ ደግሞ ቴምሩንም ፈትሺው።"

"ፈትሼዋለሁ።"

ሳቁ። ተዋበች የከፍያለችን ክንድ ያዘች፤ እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ደረጃው አይታያትም።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄደች፤ ደሟንም ተመረመረች። ሐኪሙ ኢርቅሱሱን መዝገቧ ላይ አሰፈረ፤ የጨጓራ መድኃኒትም አዘዘላት። የማዳም ሱሄርን ጆግ ግን አልተወችም፤ አሁን ከርከዴ ትዘፈዝፍበታለች፣ ከክኒኗ ጋር እንዳይደረብ ለእሳቸው ብቻ። ማዳም በመጀመሪያው ቀን ምክንያቱን ጠየቁ። ተዋበች ስለ ዓይኗም፣ ስለ ጨውም ሁሉንም ነገረቻቸው። "ጨዋማ እንደነበርም፣ ዓይንሽ እንደደከመም እኮ አውቄያለሁ" አሉ ማዳም፤ "ካገገምሽ በኋላ እነግርሻለሁ ብዬ ነው።" በቀጠሮው ቀን ሾፌራቸውን እንደሚልኩም ነገሯት።

ከፍያለች ፌስታሉን አልተወችም። አጠያየቋን ግን ቀየረች። ምን መድኃኒት ትወስዳለህ ብላ አትጀምርም። ትናንት ከተነሳህ ጀምሮ አፍህ የገባውን ሁሉ ንገረኝ ትላለች። ባለፈው ዐርብ ንጉሤ የሚባል ሾፌር ለጉንፋን ዳማከሴ ፈልጎ መጥቶ ቁርሱን፣ ምሳውን፣ ሻዩን፣ ከጓደኛው የቀመሳትን ማስቲካ ሳይቀር ሲቆጥር ቆየ።

"እትዬ ከፍያለች" አለ በመጨረሻ፣ "እናቴም እንዲህ ጠይቃኝ አታውቅም።"

"ጉንፋኑስ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ጥያቄው ሳይጀመር ነበር። አሁን ለቆኛል መሰለኝ።"

ዳማከሴውን ሰጠችው፤ ትንሽ፣ ለአንድ ጊዜ የሚበቃ። ትኩሳት ካለህ ግን ወደ ሐኪም ሂድ አለችው። የኢርቅሱስ ሥር ያለበትን ዕቃ ከመደርደሪያው አውርዳ ከጀርባዋ ካለው ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብታዋለች። ግፊት ያለበት ሰው ከጠየቃት የለኝም ትላለች።

የተዋበች ቀኝ ዓይን ሞራ ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ቀን ተገፈፈ። ግራው ለመስከረም ተቀጥሯል።