የካቢናው ሽታ

በጣልያን ጊዜ ኮልፌ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። አንድ ቀን ጣልያኑ አለቃችን የጭነት መኪና አስገባና፣ «ካቢናው ይሸታል፤ ንፋስም አይገባውም። ዛሬውኑ ሥራው» አለኝ። ሾፌሩ ባንዳ ናቸው እየተባሉ የሚታሙት አቶ ሳህሌ ነበሩ።

የንፋስ መግቢያውን ክዳን ልፈታ ስጎነበስ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ተወው ልጄ፣ እኔ ለምጄዋለሁ።»

«አለቃ አዞኛል እኮ፣ አቶ ሳህሌ።»

«ነገ ትፈታዋለህ።»

ትእዛዝ አልፈጽምም አለ ብለው ሊያሳብቁብኝ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ክዳኑን ፈታሁት። እጄን ስሰድ የበሰበሰ ሥጋ ያዝኩ፤ ሳወጣው ግማቱ አናቴ ላይ ወጣ። ከሥጋው ኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ነበር። ገለጥ ባደርገው ጥይት ነው።

ቀና ስል የአቶ ሳህሌ ፊት አመድ መስሏል።

«ለአርበኞቹ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ኬላ ላይ ሽታውን ሸሽተው ሳይፈትሹ ያሳልፉኛል።»

የአለቃው ኮቴ ተሰማ። «አገኘኸው?» አለኝ ከበሩ።

ጥይቱን ሸፍኜ፣ ሥጋውን መልሼ ወተፍኩና ክዳኑን አጠበቅኩ።

«አይጥ ሞታበት ነው፣ ሲኞር» አልኩት። «ሞተሩ ካልወረደ አትወጣም።»