እንዝርት ያልያዘ አይጠይቅም

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከደብረ ማርቆስ

ከእህቴ ከአትጠገብ ጋር ወደ ሮብ ገበያ የወጣነው ለመመረቂያ ጽሑፏ ነው። አትጠገብ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምታጠናው ሥርዓተ ጾታ የሚባለውን ትምህርት ሲሆን ያ ዓመት የመጨረሻዋ ነበር። ጽሑፏ በጮቄ ተራራ ሥር የሚኖሩ ሴቶች በእርሻ ላይ ስላላቸው ድርሻ ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ አማካሪዋ መልሳባታለች። «ይህን መጽሐፍም ይናገረዋል። የሴቶቹ የራሳቸው ቃል ካልገባበት ለፈተና አላቀርብሽም» አለቻት። ለፈተና ካልቀረበች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም። የቀራት ይህ አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

እኔ ማርቆስ ከተማ ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሹትን እየፈታሁ፣ እየገጠምሁ ነው የለመድሁት። እናታችን «ብቻዋን አትወጣም» ስላለች ሱቄን ዘግቼ አብሬያት ሄድሁ። የምናድረው ከሮብ ገበያ በላይ፣ እናታችን በተወለደችበት መንደር፣ በአጎቷ ልጅ በመምሬ ታረቀኝ ቤት ነው።

አውቶቡሱ ከመናኸሪያ ሲወጣ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። የተሳፈርነው በአሥራ አምስት ብር ነው። ከከተማው እንደወጣን የታጨደው የጤፍ መሬት እያለቀ የገብስ ማሳ ይተካል፤ መንገዱ ጠጠር ነው፣ አቧራው በመስኮት ይገባል፣ ብርዱም ከዳገቱ ጋር አብሮ ይወጣል። ከፊታችን የተቀመጠ የበግ ነጋዴ አትጠገብን ምን እንደምትማር ጠየቃት። ነገረችው።

«ሴት መሆንን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል እንዴ?» አለ፣ አውቶቡሱ ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ወንድ መሆንንም ያስተምራል፣ አያ። ቦታ አለ፤ ይመዝገቡ።»

ሰው ሳቀ። ረዳቱ እስከ ሮብ ገበያ ድረስ ነጋዴውን «ተማሪው፣ ጠጋ በል!» እያለ ሲያበሽቀው ሄደ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ የሚካኤል ዕለት

ቀኑን አስበንበት ነው የመረጥነው። ሚካኤል ስለሆነ አይታረስም፣ አይፈተልም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ቤቱ ይሆናል ብለን ነው። እንዳሰብነውም መምሬ ታረቀኝ ቅዳሴ ሲያልቅ «የእህቴ ልጅ የምትጠይቃችሁ ነገር አላት» ብለው ሕዝቡን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አስቀመጡልን። ሴቶቹ ከጽዱ ሥር፣ ወንዶቹ ከካቡ ላይ ተቀመጡ። አትጠገብ እጅ ነሥታ ለሴቶቹ ጥያቄዋን አቀረበች።

«እዚህ አገር ሴቶች በእርሻው ምን ምን ይሠራሉ?»

ከካቡ ላይ አንድ ሽማግሌ መለሱ። «ሴቶቻችን አይቸገሩም፣ ልጄ። ቤት ነው የሚውሉ።»

አትጠገብ ከፊት ወደ ተቀመጠች ሴት ዞረች። የሴትዮዋ መዳፍ እንደ ደረቀ መረሬ አፈር ተሰነጣጥቋል፤ ከጥፍሯ ሥር የድንች አፈር አለ። «እርስዎስ፣ እትዬ?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች፤ ወደ ካቡ አየች። «እሱ እንዳለው ነው» አለች።

ሌላ ሰው «መሬት ልትለኩብን ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ መሬት ልኬታና ስለ ማዳበሪያ ሆነ፤ የሴት ድምፅ ዳግመኛ አልተሰማም። በዓል ሲሆን ሴቶቹ ብቻ ሳይሆኑ ባሎቻቸውም ሥራ እንደሚፈቱ አላሰብንም ነበር። አትጠገብ የዚያን ዕለት ማታ የመምሬን ባለቤት ድንች በመላጥ ስታግዝ አመሸች።

ረቡዕ፣ ገበያው

የሮብ ገበያ ሜዳ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ይሞላል። ድንች በቁና፣ ነጭ ሽንኩርት በጉንጉን፣ እንግዶ የሚሉት የደጋ አጃ በስልቻ፣ የበግ ጠጉር ደግሞ በጆንያ ይሸጣል። ጮቄ ብርድ ስለሆነ ሰው ሁሉ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ይለብሳል። ጠጉሩን የምትነድፈውና የምትፈትለው ሴት ናት፤ ሸማኔው ወንድ ነው። ይህ ድንበር እንደ እርሻ ወሰን የታወቀ ነው፤ ወንድ እንዝርት አይይዝም፣ ሴት እርፍ አትይዝም።

ጠጉር ከሚሸጥበት ዘንድ አንዲት ረጅም ሴት እየተከራከረች ትገዛ ነበር። አትጠገብን ስታይ ክርክሯን አቋረጠች።

«ትናንት ከደጀ ሰላሙ የጠየቅሽን አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ባልን ከነዱላው ካብ ላይ አስቀምጠሽ! ማን እንዲመልስልሽ ነው? ትምህርት ቤት እንዲህ ነው የሚያስተምሯችሁ?»

«የት ልጠይቃችሁ ታዲያ?»

ስሟ ድንቅነሽ ነው፤ ባሏ ሞቶባት መሬቷን ምርቱን ለሚካፈላት እኩል አራሽ ሰጥታ የምትኖር ሴት ናት። «ነገ እኔ ቤት የጠጉር ደቦ አለ» አለች። «ነይ። ሥራ ስንሠራ ጠይቂን።» ወዲያው እኔን አየችኝ። «ይህ ግን አይመጣም።»

«እሱ ወንድሜ ነው። የሰማውን አይረሳም፤ እኔ ያመለጠኝን ይይዝልኛል» አለች አትጠገብ።

እትዬ ድንቅነሽ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ደቦ ሕግ አለው። እንዝርት ያልያዘ አይቀመጥም፣ አይጠይቅም፣ አይሰማም። እንዝርት ከያዘ ግን ይግባ፤ እኛ ምን ከፋን?» ብላ ከጠጉር ሻጯ ጋር ተሳሳቀች።

ሄጄ ሁለት እንዝርት በስድስት ብር ገዛሁ። የሸጠችልኝ ሴት «አንዱ ለእህትህ፤ ሁለተኛው ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለእኔ።»

«እግዜር ይማርህ» አለች፣ ከልቧ አዝና።

ሐሙስ፣ ደቦው

የእትዬ ድንቅነሽ ቤት ሰፊ ጎጆ ነው። ስንደርስ ሴቶቹ በመደቡና በአጎዛው ላይ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሁለቱ ጠጉሩን በደጋን ይነድፋሉ፤ የደጋኑ ጅማት ድም ድም ሲል ጠጉሩ እንደ ጉም ከፍ ብሎ ይወርዳል። እንዝርቴን ይዤ በሩ ላይ ስቆም ጅማቱ ዝም አለ። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ኧረ ግባ! ሙሽራው መጣ!»

«ጭኑን ያስፋ፤ እንዝርት በጉልበት አይሾርም!»

አስቀመጡኝ። ፈተልሁ፤ ተበጠሰ። ቀጠልሁ፤ ተበጠሰ። ትብለጥ የምትባል፣ ልጇን ያዘለች ወጣት ሴት «እንዝርቷን እንደ ሬዲዮ ቁልፍ ነው የሚያዞራት፤ ጣቢያ ጠፍቶበት ነው» አለች። የአትጠገብም ፈትል ወፍራም ሆኖ «ይህማ የበሬ ጠፍር ነው» ተባለች። ያን ቀን እስኪበቃን ተሳቀብን፤ እስኪበቃቸውም ሳቁ። ወደ ስድስት ሰዓት ግን እጄ ነገሩን ያዘው። የሬዲዮ ጥቅል ሽቦ ስጠግን ሽቦው እንዳይበጠስ የምጠብቀው በጣቴ ጫፍ ነው፤ ጠጉሩም ይህንኑ ነው የሚፈልገው። ክሬ ቀጥ ብሎ ወረደ። እትዬ ድንቅነሽ ክሩን በሁለት ጣቷ ሳብ አድርጋ መረመረችና «ይህ ይገባል» ብላ ከሌሎቹ ፈትል ጋር አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ ማንም ወደ እኔ አላየም፤ ወሬውም ተጀመረ።

አትጠገብ የትናንት በስቲያውን ጥያቄ አልደገመችም። አንዷን ሴት «እጅዎን ምን እንዲህ ሰነጠቀው?» አለቻት።

«ጓል መከስከሱ ነዋ! እሱ አርሶ ይሄዳል፤ ጓሉን በመጥረቢያ ጀርባ የምንሰብር እኛ።»

ሌላዋ ቀጠለች። ዘሩን የምትመርጥ እሷ፣ የዘር ድንቹን ከጎታ ሥር ክረምት ከበጋ የምትጠብቅ እሷ፣ የምታርም፣ የምትቆፍር፣ በጀርባዋ ተሸክማ ገበያ የምታወርድ እሷ። «ሰው ግን ገበሬው ማነው ቢል፣ እሱ ነው እላለሁ» አለች። ትብለጥ «እኔም እንዲያ ነው የምል፤ አፌ ለምዶ» አለች።

የሁዳዴው ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ የገብስ ዳቦውና የድንች ቅቅሉ ከአዋዜ ጋር የቀረበው ከዚያ በኋላ ነው። ጠላውን እየጠጣን እትዬ ድንቅነሽ እንዝርቷን ሳታቆም ይህን ተናገረች።

«ባሌ በሞተ በዓመቱ፣ እኩል አራሹ አያ ምናሉ ታመመ። ዝናቡ መጥቷል፤ መሬቱ አልተገለበጠም። አንድ ቀን ጉሙ እጅ አያሳይም። ተነሣሁ፣ በሬዎቼን ጠመድሁ፣ እርፉን ያዝሁ። ጉሙ ሳይገለጥ ማሳውን ጨረስሁ። ከሰዓት አላፊው አግዳሚው ትልሙን እያየ፣ አያ ምናሉ ታሞም ቢሆን እንዴት ቀጥ አድርጎ አረሰ! አለ። መምሬ ታረቀኝ ሳይቀሩ ቤቱ ሄደው እጅህ ይባረክ አሉት። እሱም አሜን አለ። እኔም ዝም አልሁ። እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገርሁም።»

እንዝርቶቹ ሁሉ ቆሙ። ከዚያ ትብለጥ ልጇን እንዳዘለች ብድግ ብላ «ሳያርስ አሜን ይላል አያ ምናሉ!» ብላ ጮኸች፤ ሴቶቹም በአንድ ጊዜ ተነሥተው አቀፏት። ከዚያ በኋላ ያልተናገረች አልነበረችም። በጓሮ የድንች ቦታ በመቆፈሪያ ገልብጣ «ባሌ ነው» ያለች አለች፤ ቀንበር የጠረበች አለች።

ዓርብ፣ መመለሻ

ሐሙስ ማታ ከአትጠገብ ጋር የሰማነውን እየተራረምን ጽፈን ነበር። ዓርብ ጠዋት ከመሄዳችን በፊት አትጠገብ ሴቶቹን፣ የተናገሩት በትክክል እንደገባ እንዲሰሙ ከእትዬ ድንቅነሽ ማሳ ዳር ሰበሰበቻቸው። እያነበበች ሳለ መምሬ ታረቀኝ ጃንጥላቸውን ይዘው በወሰኑ መጡ። አትጠገብ ንባቧን አቆመች።

«አንብቢው» አለች እትዬ ድንቅነሽ።

«እትዬ፣ ስምዎን እለውጠዋለሁ፤ ትምህርታችንም እንዲያ ያዛል።»

«የዚያን ጊዜ ስሜ ተለውጦ ነበር። አሁን በስሜ አንብቢው።»

አትጠገብ አነበበች። መምሬ እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙ። የጃንጥላቸውን ጫፍ አፈሩ ላይ ተከሉና «ድንቅነሽ፣ ያ ትልም ያንቺ ነው?» አሉ።

«የእኔ ነው፣ አባቴ።»

«እኔ እኮ ምናሉን ነው የመረቅሁት።»

«እንግዲያ ምርቃቴን ይመልሱልኛ!»

መምሬ ፊታቸውን በነጠላ ከልለው ሳቁ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟትና «እጅሽ ይባረክ» አሏት። «አሜን» ያለችው እትዬ ድንቅነሽ ብቻ አልነበረችም።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እትዬ ድንቅነሽ በሬዎቿን አውጥታ በቀን ብርሃን ጠመደቻቸው። አንድ ትልም ወጣች፤ አንድ ትልም ተመለሰች። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየ። ትብለጥ እልል ልትል አፏን ስትከፍት መምሬ «በሁዳዴ!» አሏት። «ለትንሣኤ አቆየዋለሁ» አለች፤ ግን ግማሹ አመለጣት።

ማርቆስ፣ ቤት

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ቤት ደረስን። እናታችን በር ላይ ምስር ትለቅም ነበር። አትጠገብ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ ጽሑፉን ሁሉ አነበበችላት። ስለ ጓሉ፣ ስለ ዘር ድንቹ፣ ስለ ጉሙ ቀን። እናቴ አንገቷን ደፍታ እየለቀመች ሰማች። ሲያልቅ ሰፌዱን አስቀመጠች።

«የእኔንስ?» አለች።

«ምኑን፣ እማዬ?»

«እኔስ እዚያው አይደለም ወይ ያደግሁት? እስክዳር ድረስ ስንት ማሳ አርሜ፣ ስንት ጓል ሰብሬ። እናንተን ያሳደግሁ እኔ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ሴት ስትማሪ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

አትጠገብ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ከምስሩ አንድ እፍኝ ወደ ራሷ ሳበችና መልቀም ጀመረች። «ንገሪኝ» አለቻት። እኔም ከሰፌዱ ጫፍ ተቀመጥሁ። እናቴ እስኪመሽ ተናገረች፤ ሃያ ስምንት ዓመት ስኖር ሰምቼው የማላውቀውን።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ሰው የሠራውን የሚናገረው አብሮት ለሚሠራ መሆኑን ነው። ካብ ፊት ቆሞ ለሚጠይቅ የሚመልስለት ካቡ ላይ የተቀመጠው ነው።

አማካሪዋ ጽሑፉን በአንድ ቀን አንብባ ለፈተና አቀረበቻት። በሰኔ አትጠገብ ሰው በሞላበት አዳራሽ ቆማ ተከላከለች፤ በማዕረግ አለፈች። ጽሑፉ ሲታተም የመጀመሪያው ምዕራፍ በእናታችን ቃል ይጀምራል፤ ስሟም አልተለወጠም።