በሁለት ኮሌጆች መካከል

ሀጀር በጉርድ ሾላ ሰፈሯ የሚያልፈው ወንዝ ከዓመት ዓመት ሲጠቁር እያየች ነበር ያደገችው። በ1989 ዓ.ም. የሒሳብ አያያዝ ትምህርቷን ትታ ወደ አካባቢ ጥናት ልትዛወር ቆረጠች። መልቀቂያዋን አውጥታ አዲሱ ኮሌጅ ስትደርስ ግን ትምህርቱ ዘንድሮ እንደማይከፈት ነገሯት። በማግስቱ አባቷን አብዱልገኒን ይዛ ወደ ቀድሞ ኮሌጇ ተመለሰች።

«ቦታዋን ለሌላ ተማሪ ሰጥተነዋል፤ ምን ላድርግልዎ አባቴ?» አለች የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ።

አብዱልገኒ ታክሲ ነጂ ነው፤ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ተከራክሮ ተረትቶ አያውቅም። አሁን ግን መልቀቂያዋን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ አጠፈው። ሀጀር አባቷን ሳይከራከር ሲረታ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

«በቃ አባዬ፣ እንሂድ» አለችው።

«ወዴት?» አላት።

ያን ዓመት ቤት ዋለች፤ በዓመቱም የአካባቢ ጥናት ትምህርቱ አልተከፈተም።